ጥያቄ፦ ማር መልክ ብሎንድ ብዬ ተቀብቼ ሥሩ ብርቱካን ሆነብኝ! ቅዳሜ ሰርግ አለብኝ

ሚሚ (ሲልቨር ስፕሪንግ)፦
የምታውቁ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ለፎል (ቅጠል ለሚረግፍበት ወቅት) የሚሆን ሞቅ ያለ ብሎንድ፣ ማር መልክ ነበር የፈለግኩት። ከሱቅ የሳጥን ቀለም ገዝቼ ዛሬ ከሰዓት ቤት ተቀባሁ። ሥሩ ቦግ ያለ ብርቱካን ሆኗል። ከመሀል ወደ ታች ያለው ደግሞ ምንም አልያዘውም፣ እንደ ጥቁርነቱ ነው። ቅዳሜ የአክስቴ ልጅ ሰርግ ነው፣ ሚዜ ነኝ። አሁን ሱቅ ሳይዘጋ ብሊች (የፀጉር ማንጫ) ገዝቼ ማታ ልድገመው? ወይስ ሐምራዊ ሻምፑ ይበቃዋል? ዛሬ ማክሰኞ ነው!

ሰላም ቦሌ፦
ፎቶ አስቀምጪ እንጂ። ሳናይ ምን እንበልሽ?

የጎንደሯ እናት፦
ልጄ፣ ለጋ ቅቤ ቀቢና ሻሽ አስረሽ እደሪ። ኬሚካል ያደረቀውን ፀጉር የሚመልሰው ቅቤ ነው።

ዳኒ ሲያትል፦
ለፎል ካልሽ ከቅጠሉ ጋር ገጥመሻል ማለት ነው! ይቅርታ ሚሚ፣ ሳቄ አመለጠኝ። ባለቤቴ ላይ እንዲህ ሆኖ ፀጉር ቤት ሥሩን ብቻ ቡናማ አደረጉላት። አምሮባት ነበር።

ሚሚ፦
ፎቶው እምቢ አለኝ። ብርቱካን የሆነው አራት ጣት ያህል ነው። ቀሪው እስከ ትከሻዬ ጥቁር ነው። እማማ፣ ቅቤው ቀለሙን ያጠፋዋል እንዴ?

ጥቁር ቡና፦
እኔ የማይገባኝ መጀመሪያውኑ ብሎንድ ለምን አስፈለገ? የሐበሻ ፀጉር በጥቁርነቱ ነው የሚያምረው። ጠይም ፊት ላይ ብሎንድ አይሄድም።

ቤቲ ዲኤምቪ፦
@ጥቁር ቡና፣ የማይሄደው ነጭ የሆነው፣ አመድ የሚመስለው ነው። ሞቅ ያለውማ ለእኛ ቆዳ የተሠራ ነው የሚመስለው። ጠይም ከሆንሽ ማርና ካራሜል፣ ቀይ ዳማ ከሆንሽ ትንሽ ነጣ ያለ ወርቃማ፣ ጥቁር ከሆንሽ መዳብ የገባበት። ሥሩን በራሱ ጥቁርነት መተው ነው ዋናው። ፊትሽን አያገረጣውም፣ ሲያድግም መስመር አያወጣም።

ሐኒ ፀጉር ሰሪ (አትላንታ)፦
ሚሚ፣ ሌላ ነገር ከማለቴ በፊት አንድ ጥያቄ። ከዚህ በፊት ቀለም ተቀብተሽ ነበር? ሪላክሰርስ (ፀጉር ሉጫ የሚያደርገው ኬሚካል)?

ሚሚ፦
ለፋሲካ ጥቁር ተቀብቻለሁ። እሱ ግን ቆየኮ! ሪላክሰር የለውም፣ ፍሪዝ ነው።

መምህር ኬሚስትሪ፦
መሠረቱን ሳናውቅ መፍትሔ ማለት አይቻልም። የፀጉር ቀለም ሜላኒን ነው። ዩሜላኒን ጥቁርና ቡናማውን ይሰጣል፣ ፊዮሜላኒን ቀይና ቢጫውን። ፐሮክሳይድ (ፀጉሩን የሚያነጣው ኬሚካል) ሲገባ ዩሜላኒኑ ቀድሞ ይፈርሳል፣ ፊዮሜላኒኑ ግን ይቆያል። ስለዚህ ማንኛውም ጥቁር ፀጉር ሲነጣ በቀይ፣ ከዚያ በብርቱካን፣ ከዚያ በቢጫ በኩል ያልፋል። ባለሙያዎች ከ1 እስከ 10 ደረጃ አውጥተውለታል። 1 ጥቁር ነው፣ 10 በጣም ነጣ ያለ ብሎንድ። ማር መልክ 7 ወይም 8 ላይ ነው። የብዙዎቻችን ፀጉር ከ3 አያልፍም። የሳጥን ቀለም ሁለት ወይም ሦስት ደረጃ ቢያነሳ ነው። ከ2 ተነስቶ 8 የሚገባበት መንገድ የለም። ብርቱካኑ እንግዳ ነገር ሳይሆን የመንገዱ ግማሽ ነው።

ሰላም ቦሌ፦
መምህር፣ ልጅቷ ሰርግ አለባት። አሁን ምን ታድርግ?

ሊሊ ፍራንክፈርት፦
ሐምራዊ ሻምፑ ግዢ። እኔ ሁሌ እሱን ነው የምጠቀመው፣ አሪፍ ነው።

ሐኒ ፀጉር ሰሪ (አትላንታ)፦
ሚሚ፣ ተረጋጊ፣ ይስተካከላል። ችግሩ የፋሲካው ጥቁር ነው። ቋሚ ቀለም ቢደበዝዝ እንጂ ከፀጉሩ አይወጣም። አዲስ ቀለም ደግሞ የድሮውን ቀለም አያነጣም። አራት ጣቱ ከፋሲካ ወዲህ የበቀለው ነው፣ እሱ ያልተነካ ስለሆነ ነጣ። ከእሱ በታች ያለው አልተነቃነቀም።

ዛሬ ማታ ብሊች እንዳትነኪ። ሥሩ በራስ ቆዳ ሙቀት ቶሎ ይነጣል፣ ጥቁሩ ግን ይዘገያል። ከደገምሽ ሥሩ ቢጫ፣ ታቹ ዝንጉርጉር ቀይ ይሆናል። ፍሪዝ ፀጉር ደግሞ እያንዳንዱ መታጠፊያው ላይ ስስ ነው፣ የሚበጠሰውም እዚያ ነው።

ሊሊ፣ ሐምራዊው ቢጫን ነው የሚያጠፋው። ብርቱካንን የሚያለዝበው ሰማያዊ ነው። ሚሚ የፈለገችው ደግሞ ሞቅ ያለ መልክ ነው። ሐምራዊ ቢበዛበት ወርቁ ራሱ ይጠፋል።

እስከ ቅዳሜ የሚሆነው ይህ ነው። ከፊል ቋሚ ቀለም (በእጥበት እየደበዘዘ የሚለቅ) ግዢ። ቁጥሩን እዪው። ከነጥቡ በፊት ያለው ደረጃው ነው፣ ከነጥቡ በኋላ ያለው መልኩ። በብዙ ፋብሪካዎች 1 አመድማ፣ 3 ወርቃማ፣ 4 መዳብማ ነው። ብርቱካኑ ላይ ብቻ 5 ወይም 5.3 ቀቢ። ከሥሩ ብርቱካን ስላለ ሞቅ ያለ ቡናማ ሆኖ ይወጣል። በጣም ቦግ ካለ ትንሽ 5.1 ቀላቅይበት። ዛሬ ከጆሮሽ ጀርባ ቆዳሽ ላይ ጠብታ አድርጊና 48 ሰዓት ጠብቂ። ካላሳከከሽ ሐሙስ ማታ መጀመሪያ አንዲት ዘለላ ላይ ሞክሪ፣ ከዚያ ቀቢ። ጥቁሩን አትንኪው። ቅዳሜ ወደ ላይ ተጠቅልሎ ሲሠራ ጫፉ ውስጥ ይገባል።

ማር መልኩ ከሰርጉ በኋላ ነው። ጥቁሩን የሚያወጣ ቀለም ማስወገጃ አለ፣ እሱን ግን በባለሙያ እጅ።

የጎንደሯ እናት፦
ቅቤውን ግን አትርሺ ልጄ። ለጋ ይሁን።

ሐኒ ፀጉር ሰሪ (አትላንታ)፦
እማማ እውነትዎን ነው፣ የደረቀ ፀጉር ቅቤ ይወዳል። ለሐሙስ ግን አይሆንም፣ ቅባት ያለበት ፀጉር ቀለሙን እኩል አይዝም። ከቀለም በኋላም ወዲያው አይቀባ። ቅቤ ለማስለቀቅ ሻምፑ መደጋገም አለ፣ ቀለሙም አብሮ ይሄዳል።

ማክዳ ሹሩባ፦
ቅዳሜ የግድ ማር መልክ መታየት ካለበት 27 ቁጥር ሰው ሠራሽ ፀጉር ገዝተሽ ተሠሪ! 27 ማሩ ነው፣ 30 ወደ ቀይ ቡናማ ይሄዳል፣ 613 ነጭ ብሎንድ ነው እሱን ተይው። 27ን ከ30 ጋር ደባልቀው ይሥሩልሽ፣ የፎል መልክ እሱ ነው። አጥብቀው እንዳይጎትቱሽ ብቻ፣ አሁን የተቀባ ፀጉር ነው። ቀለም ሳይነካሽ ደስ ካላለሽ ትፈቺዋለሽ።

ጥቁር ቡና፦
እሱ ይሻላል። ሹሩባ ከሆነ እስማማለሁ።

ቤቲ ዲኤምቪ፦
ሚሚ፣ እሑድ መልስ ላይ የሐበሻ ቀሚስ ትለብሻለሽ አይደል? አዲስ ቀለም በላብም በዝናብም ይለቃል፣ መዳብማው ደግሞ ይብሳል። ነጭ ነጠላ ላይ ከነካ አይወጣም። ሐሙስ ስትታጠቢ ውሃው ጠርቶ እስኪወርድ ድረስ ቀዝቀዝ ባለ ውሃ አለቅልቂው። ሌሊቱን ጥቁር ሻሽ አስረሽ እደሪ።

ሚሚ፦
እሺ እሺ፣ ብሊቹን ተውኩት። ቀሚሱን አላሰብኩትም ነበር! ማሩ ሲደርስስ ቶሎ እንዳይጠፋ ምን ላድርግ?

ሐኒ ፀጉር ሰሪ (አትላንታ)፦
ወርቅና መዳብ ቶሎ ነው የሚደበዝዙት። በሳምንት አንዴ ታጠቢ፣ ለብ ባለ ውሃ፣ ሰልፌት በሌለው ሻምፑ። በ4 ወይም በ6 ሳምንት አንዴ በ7.3 ወይም በ8.3 ቶነር (መልኩን ብቻ የሚያስተካክል ቀለም) ታድሺዋለሽ፣ እንደገና ማንጣት አያስፈልግም። ፔስትራ ከ180 ዲግሪ ሴልሺየስ አይለፍ፣ ከሙቀት የሚከላከል ቅባትም ሳትቀቢ አታድርጊ። ባይነካሽ ይሻላል፣ ፍሪዙ ተቃጥሎ ሉጫ ሆኖ የቀረባቸው ብዙ አሉ። ጥቅምት ላይ የቤት ማሞቂያ ሲበራ አየሩ ይደርቃል፣ ስለዚህ በየሳምንቱ ትሪትመንት። የሱፍ ኮፍያ ካደረግሽ ከውስጡ የሳቲን ሻሽ ይኑር። ሱፉ እርጥበቱን ይመጠዋል፣ ጫፉንም ይበጥሰዋል።

ሊሊ ፍራንክፈርት፦
ሰማያዊ ሻምፑስ ለዚህ ይሆናል?

ሐኒ ፀጉር ሰሪ (አትላንታ)፦
ብርቱካኑ ሲበዛ አልፎ አልፎ። በየሳምንቱ ከሆነ ማሩ ጭቃ ይመስላል።

ሰላም ቦሌ፦
ሚሚ፣ ሐሙስ አለፈኮ። ቀባሽው?

ራሔል ዱባይ፦
ከርዕሱ ወጣሁ ይቅርታ። እኔ ለዓመታት ሂና ተቀብቻለሁ። ማር መልክ መሆን እችላለሁ?

ሐኒ ፀጉር ሰሪ (አትላንታ)፦
ራሔል፣ ሂናው ንጹሕ ቅጠል ከሆነ ይቻላል፣ ግን ብርቱካኑ ላይ ግትር ይላል። ጥቁር ሂና ወይም ዱቄቱ ላይ ሌላ ነገር የተቀላቀለበት ከሆነ የብረታ ብረት ጨው ሊኖርበት ይችላል። እሱ ከብሊች ጋር ሲገናኝ ይግላል፣ ይጨሳል፣ ፀጉሩ ይቀልጣል። ማበጠሪያሽ ላይ የቀረውን ፀጉር ሰብስበሽ መስታወት ሳህን ውስጥ ብሊች አድርጊበት። ከሞቀ ወይም ከፈላ ራስሽ ላይ እንዳታስነኪ። ምንም ካልሆነም ለፀጉር ሰሪሽ ሂና እንዳለሽ ሳትነግሪያት ወንበሩ ላይ አትቀመጪ።