ስቴሮይዱ ሲቀነስ የእህቴ የዓይን ሕመም ለምን ይመለሳል?

ታላቅ ወንድም፦
እህቴ 27 ዓመቷ ነው። ከሦስት ወር በፊት የግራ ዓይኗን ባንቀሳቀሰች ቁጥር ከኋላው ይወጋት ጀመር፤ በአራተኛው ቀን እይታዋን ጭጋግ ሸፈነው። የእስክሪብቶ ቀይ ክዳን ይዛ ዓይኖቿን በየተራ እየሸፈነች ስታየው በቀኙ ደማቅ ቀይ፣ በግራው የገረጣ ሮዝ ሆነባት። «የዓይን ነርቭ ብግነት ነው» ተባለና ሜቲልፕሬድኒሶሎን የተባለ ስቴሮይድ (ብግነት የሚያበርድ መድኃኒት) በደም ሥር ተሰጣት፤ በሳምንት ውስጥ ተሻላት። ከዚያ የቀጠለችው የስቴሮይድ ክኒን እየተቀነሰ ሊያልቅ ሲል ግን ሕመሙ ተመለሰ፤ ከትናንት ጀምሮ ቀኙም ደክሟል። የጭንቅላቷ ኤምአርአይ ምንም አላሳየም። ሐኪሙን ምን ብለን እንጠይቅ?

በአንድ ዓይን፦
ወንድሜ፣ «ብግነት ነው» ግማሽ መልስ ነው። ምን ዓይነት ብግነት እንደሆነ ጠይቁ። እኔ ሳልጠይቅ ቀርቼ የግራ ዓይኔን አጥቻለሁ።

ዓይኔ ከመታመሙ ሁለት ወር በፊት አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ስርቅታና ትውከት እንቅልፍ ነሥቶኝ ነበር። የጨጓራ መድኃኒት ወስጄ አለፈ። ስርቅታ ከዓይን ጋር ይገናኛል ብሎ ማን ያስባል? መልቲፕል ስክለሮሲስ (ሰውነት የራሱን የነርቭ ሽፋን የሚያጠቃበት በሽታ) ነው ተብዬ ኢንተርፌሮን የተባለውን መድኃኒቱን ጀመርኩ፤ ብሶብኝ እግሬም ደነዘዘ። በኋላ ያየኝ የነርቭ ሐኪም ስለ ስርቅታው ሲሰማ መጻፉን አቁሞ «እስቲ ከመጀመሪያው ንገሪኝ» አለኝ። ኒውሮማየላይቲስ ኦፕቲካ ነበር። ሰውነት አኳፖሪን 4 የተባለውን የውኃ ማስተላለፊያ ፕሮቲን ያጠቃል፤ ፕሮቲኑ በዓይን ነርቭ፣ በህብለ ሰረሰርና ትውከትን በሚቆጣጠረው የአንጎል ክፍል ይበዛል። ለመልቲፕል ስክለሮሲስ የሚሰጡ አንዳንድ መድኃኒቶች ይህን በሽታ ያባብሱታል። ይህን የሚለየው የደም ምርመራ በ2004 እ.ኤ.አ. ከተገኘው፣ አኳፖሪን 4ን ከሚያጠቃው ፀረ እንግዳ አካል የመጣ ነው፤ እባካችሁ አስመርምሩ።

የዓይን ሐኪም፦
ሁለተኛው ዓይን ከተጨመረ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ ዛሬውኑ ሆስፒታል ውሰዳት። ክኒኑንም በራሳችሁ አታቋርጡ።

ከአኳፖሪን 4 ጋር ሞግ (MOG) የተባለውን የነርቭ ሽፋን ፕሮቲን የሚያጠቃው ፀረ እንግዳ አካልም ይመርመር። በሞግ በሽታ ሁለቱም ዓይኖች አብረው መታመማቸው የተለመደ ነው፤ በስቴሮይድ ፈጥኖ ይሻላል፣ ሲቀነስ ደግሞ ይመለሳል። የእህትህ ታሪክ ወደዚያ እንዳስብ ያደርገኛል፤ ሳላያት ግን ነው ብዬ አልፈርድም። ሳርኮይዶሲስም (በሳንባና በሌሎች አካላት የብግነት እብጠቶችን የሚያወጣ በሽታ) እንዲሁ ሊያደርግ ስለሚችል ደረቷ ይታይ፤ ቂጥኝና የሳንባ ነቀርሳም ይጣሩ። ኤምአርአዩ የዓይን ነርቮቹን ራሳቸውን ማሳየት አለበት፤ የጭንቅላቱ ብቻ አይበቃም።

ፕላዝማ (የደሟን ፈሳሽ ክፍል) መለወጥ ካስፈለገ ደሟ አስቀድሞ ይቀዳ፤ ልውውጡ የምንፈልገውን ፀረ እንግዳ አካል አጥቦ ይወስደዋል። ሕክምናው ግን ውጤት እስኪመጣ አይዘግይ።

ታላቅ ወንድም፦
ትናንት ማታ ወሰድኳት። ደሟ ተቀድቶ በደም ሥር የሚሰጠው ስቴሮይድ እንደገና ተጀመረ። ስለ ስርቅታም ጠየቅኳት፤ ኖሯት አያውቅም። ዛሬ ጠዋት ቀዩን ክዳን አሳየኋት፤ በቀኙ ጠቆር ያለ ቀይ ነው አለችኝ፣ በግራው ገና ሮዝ ነው።