ጅማ ውስጥ ሙዝሊን ቤት ማዘጋጀት ይቻላል? እርዱኝ

ጥያቄ፦ የሄርማታዋ

ሰላም የጅማ ልጆች። የምሠራው ፋርማሲ ውስጥ ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ከቤት መውጣት አለብኝ። ልጄን አለባብሼ ትምህርት ቤት እስካደርስ ድረስ ለራሴ ቁርስ የሚባል ነገር የለም። አንድ ስኒ ቡና ፉት ብዬ እሮጣለሁ። 4 ሰዓት ሲሆን ያዞረኛል፤ ያኔ ሳንቡሳ ወይም ብስኩት እፈልጋለሁ። ሐኪም ደግሞ ደም ማነስ ጀማምሮሻል ብሎኛል።

ሱፐርማርኬት ውስጥ በካርቶን የታሸገ ሙዝሊ (አጃ፣ ለውዝና ደረቅ ፍሬ የተቀላቀለበት ቁርስ) አየሁ፤ ዋጋው አይቀመስም። ከዚሁ ከጅማ መርካቶ ገዛዝቼ ቤት ማዘጋጀት እችላለሁ? የገበያውን አጃ ዘፍዝፌ ብበላውስ? ረቡዕና ዓርብ እጾማለሁ፤ ያለ ወተት ይሆናል? እናቴ ስኳር አለባት፤ አብራኝ ብትበላ ደስ ይለኛል።

የቆጪ እናት

እህቴ፣ በደንብ ይቻላል። እኔ እሁድ ከሰዓት አዘጋጅቼ ሳምንቱን ሙሉ እበላዋለሁ። ሱቅ ውስጥ ኦትስ የሚሉትን የተዳመጠ አጃ 3 ኩባያ ያዢ። 1 ኩባያ ኦቾሎኒ ቆልተሽ ገርደፍ አድርጊው። ሰሊጥ ግማሽ ኩባያ ይበቃል፤ ቶሎ ስለሚያር እሳቱን ቀንሺ። ዘቢብ አንድ እፍኝ።

ተልባውን ቆልተሽ ፍጪው። ሳይፈጭ ከገባ ሆድ ውስጥ ሳይፈርስ እንዳለ ይወጣል፣ ጥቅሙም አብሮ ይሄዳል። ግን ከተፈጨ ቶሎ ስለሚበላሽ ትንሽ ትንሽ እያደረግሽ ፍጪ፤ ለብቻው አስቀምጪው።

የተቆላው ሁሉ በደንብ ሳይቀዘቅዝ እንዳትከድኚው! ላብ ያወጣና ይሻግታል። የጅማን ክረምት ታውቂው የለ፤ እርጥበቱ ምንም አይምርም።

ማታ ከመተኛትሽ በፊት 5 የሾርባ ማንኪያ ያህል ሳህን ላይ አድርጊ፤ ፈልቶ የቀዘቀዘ ወተት ወይም እርጎ ጨምሪበት። ፍሪጅ ካለሽ እዚያ አሳድሪው። ከሌለሽ ደረቁን አስቀምጪና ጠዋት ትኩስ ወተት አፍስሺበት፤ ልጅሽን እስክታለብሺ ይለሰልሳል። ከዚያ ሙዝ ከትፈሽበት መብላት ነው።

ወፍጮ ቤት ያለኝ

ስለ አጃው እኔ ልመልስ። የገበያውን አጃ እንዳለ ዘፍዝፈሽ አትብዪ። ገለባ አለው፤ ሌሊቱን ውሃ ውስጥ ቢያድርም አይላመጥም፣ ሆድም ያውካል። የሱቁ የሚለየው ፋብሪካ ውስጥ ገለባው ወጥቶ፣ በእንፋሎት ታጥኖ፣ ከዚያ ስለሚዳመጥ ነው። ለዚህ ነው ሳይበስል የሚበላው።

የገበያውን ከመረጥሽ አስፈትገሽ፣ አጥበሽ፣ ቆልተሽ አስከኪው። ማታ እንደ ቂንጬ ቀቅለሽ አስቀምጪና ጠዋት አሙቂው። ፍሬውንና ኦቾሎኒውን ያኔ ጨምሪበት። ሙዝሊ ባይባልም ያጠግባል፣ ዋጋውም ይቀንሳል።

ኦቾሎኒ ስትገዢ ደግሞ ለቀም ለቀም አድርጊ። የሻገተውንና የተጨማደደውን ጣዪው። ሻጋታው አፍላቶክሲን የሚባል ጉበት የሚጎዳ መርዝ ያመጣል፤ ቆላሁት ብለሽ አትመኚ፣ መቁላት ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም።

ነርሷ

የኔ እህት፣ ዋናው ነገር ቡናው ነው። ቡና ከምግብ ጋር ሲጠጣ ሰውነት ከእህል የሚያገኘውን ብረት በደንብ እንዳይወስድ ያደርጋል። ሻይም እንደዚያው። ጅማ ላይ ቡና ተዪ አልልሽም፤ ከቁርስ በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት አቆይው። ሥራ ቦታ ደርሰሽ ጠጪ። ሙዝሊው ላይ ሎሚ ጠብ አድርጊበት ወይም ፓፓያ ክተፊበት፤ ቫይታሚን ሲ ብረቱ እንዲገባ ያግዛል። የብረት ክኒን ታዞልሽ ከሆነ በወተትም በቡናም አትዋጪው። ደም ማነሱን ግን በቁርስ ብቻ አትተዪው፤ ምክንያቱን ያጣሩልሽ።

4 ሰዓት ላይ የሚያዞርሽ ባዶ ሆድ ስለምትውዪም ሊሆን ይችላል። 100 ግራም አጃ ውስጥ 10 ግራም ገደማ ፋይበርና ከዚያ የሚበልጥ ፕሮቲን አለ። ቀስ ብሎ ነው የሚፈጨው፣ ምሳ ድረስ ይይዝሻል።

ለእናትሽ ዘቢቡን አውጪላቸው፤ ማርም አትጨምሪላቸው። የጅማ ማር ቢሆንም ስኳር ስኳር ነው። በእርጎና በአቮካዶ ይብሉ፣ በመጠን። ከበሉ ከ2 ሰዓት በኋላ ስኳራቸውን ለኩላቸው፤ አጃም ቢሆን ካርቦሃይድሬት ስለሆነ እንደ ሰዉ ይለያያል። መድኃኒታቸውን በራሳችሁ እንዳትቀንሱ።

አባ ከጂሬን

ልጄ፣ በሶ እያለ ለምን ትቸገሪያለሽ? ገብሱ ተቆልቶ ተፈጭቷል፣ በውሃ ብትበጠብጪው በደቂቃ ይደርሳል። እኛ መንገድ ስንወጣ ስንቃችን እሱ ነበር።

የሄርማታዋ

አባቴ፣ እውነትዎን ነው። በሶ እወዳለሁ። ብቻውን ስጠጣው ግን ቶሎ ይርበኛል፤ ኦቾሎኒና ፍሬ ቢገባበት ይሻል ይሆን?

የምግብ ተማሪ

ይሻላል! ሙዝሊን ያስጀመረው ቢርኸር-ቤነር የሚባል የስዊዘርላንድ ሐኪም ነው፤ በ1900 አካባቢ ዙሪክ ውስጥ ለሕሙማኑ ይሰጥ ነበር። የሱ ሳህን ውስጥ የሚበዛው የተፈቀፈቀ ፖም ነበር። አጃው አንድ ማንኪያ ብቻ፣ ሌሊቱን ተዘፍዝፎ ያደረ፤ ሎሚና ለውዝም ነበረበት። ዛሬ ካርቶን ውስጥ እህሉ በዝቶ ፍሬው ጥቂት ሆኗል፤ ስኳር የተጨመረበትም አለ፣ ጀርባውን አንብቡ። ጅማ ላይ ሙዙ፣ ፓፓያው፣ አቮካዶው ደጃችን ነው። ፖም ፍለጋ ገንዘብ አታውጪ። የአባን በሶም ወፈር አድርገሽ በጥብጪና ሙዝና የተፈጨ ኦቾሎኒ ጨምሪበት።

የመንደራ ልጅ

ለጾሙ ቀላል ነው። ኦቾሎኒውን ሌሊት ዘፍዝፈሽ፣ ጠዋት በጁስ መፍጫ ከውሃ ጋር ፈጭተሽ አጥልዪው፤ ወተት መሳይ ነገር ይወጣል። ጊዜ ከሌለሽ አንድ የበሰለ ሙዝ ጨፍልቀሽ በውሃ አቅጥኚው። እኔ በረመዳን ለሱሁር በተምር እሠራዋለሁ፤ ከሰዓት በኋላም አቅም አላጣም።

የሄርማታዋ

ሁላችሁንም አላህም እግዜርም ይስጥልኝ። ቅዳሜ መርካቶ እወርዳለሁ። የቆጪ እናት፣ አንድ ነገር ብቻ፦ በምን ታስቀምጪዋለሽ?

የቆጪ እናት

ክዳኑ ጥብቅ በሚል የብርጭቆ ዕቃ፣ ከምድጃ ራቅ አድርጌ። ደረቅ ማንኪያ ብቻ ይግባበት። ለመጀመሪያ ጊዜ ግማሹን መጠን ሥሪ፤ እናትሽ ከወደዱት ትጨምሪያለሽ።