ሃቨርትዝ ይሻላል ወይስ ቁርጥ ያለ ዘጠኝ ቁጥር?

ጠያቂው፦ ጎበዝ፣ ዲኤስቲቪ ቤት ያልጨረስነውን እዚህ እንጨርሰው። አርሰናል በ2023 ካይ ሃቨርትዝን ከቼልሲ ያመጣው በ65 ሚሊዮን ፓውንድ አካባቢ ነው። አማካይ ሲሉት አማካይ፣ አጥቂ ሲሉት አጥቂ ይሆናል። ለቡድን የሚጠቅመው እንዲህ ያለ ሁለገብ ነው ወይስ ጎል ብቻ የሚያስብ ዘጠኝ ቁጥር?

የፒያሳው፦ ዘጠኝ ቁጥር፣ አለቀ! በ2023/24 ማንቸስተር ሲቲ በ91 ነጥብ ዋንጫውን በላ፣ እኛ በ89 ቀረን። ሃላንድ ብቻውን በሊጉ 27 አገባ። የኛው ሃቨርትዝ 13።

መድፈኛው፦ ወንድሜ፣ ያን ዓመት ሲቲ 96 ጎል፣ እኛ 91 አገባን። ታዲያ ጎል ነው የጠፋን? በረኛችን ራያ ኳሱን ከሩቅ ሲለጋ ዓይንህን ሃቨርትዝ ላይ ጣል። ከመሀል ተከላካዮቹ ጋር ይዘላል፣ በደረቱ ያወርዳል፣ ኦዴጋርድ ይለቅማል፣ ሳካ ከአንድ ሰው ጋር ብቻ ይፋጠጣል። ጎል ሲሆን ቤቱ በሙሉ "ሳካ!" ይላል። አንተም ጭምር። ደግሞስ የ2024ቱን 5 ለ 0 ረሳኸው? ሁለቱን ያገባው እሱ ነው፣ ያውም በድሮ ቡድኑ ላይ።

ሰማያዊው፦ ቁስል አትነካካ! እኛ 3 ዓመት አብረነው ኖረናል። በ2021 የቻምፒየንስ ሊግ ፍጻሜ፣ ፖርቶ ከተማ ላይ፣ ሲቲን የቀጣበትን ጎል እስክሞት አልረሳም። ግን ዛሬ ዘጠኝ፣ ነገ አስር፣ ከነገ ወዲያ ክንፍ እያልን ልጁን አዞርነው።

ገለልተኛ፦ እናንተስ ክንፍ ነው ያላችሁት። የጀርመን አሰልጣኝ ናግልስማን በ2023 ከቱርክ ጋር ሲጫወቱ የግራ ተከላካይ አድርጎት ገባ። በ5ኛው ደቂቃ አገባ። ጀርመን 3 ለ 2 ተሸነፈች 😂

የፒያሳው፦ በቃ፣ ነገሩ ይኸው ነው! በ2025 እሱ ሲጎዳ ምን ሆነ? አማካዩን ሜሪኖን አጥቂ አደረግነው።

መድፈኛው፦ ሜሪኖ ሌስተር ላይ ተቀይሮ ገብቶ ሁለት አላገባም?

የፒያሳው፦ አገባ። ሊጉን ግን ሊቨርፑል በላ። አሰልጣኙ አርቴታም ክረምቱ ላይ ሄዶ ዘጠኝ ቁጥሩን ዮኬሬሽን ገዛ። ሁለገብ በቂ ከሆነ ለምን ገዛ?

መድፈኛው፦ ገዛ እንጂ ሃቨርትዝን መች ሸጠ?