የእርሳስ (ሊድ) ምንጩን በ6 ጠርሙስ ውሃ እንዴት ልለይ?

ሌሊቱን ቧንቧ ውስጥ ቆሞ ያደረውን ውሃ ጠዋት ማንም ሳይከፍተው በ1 ሊትር ጠርሙስ ቀድቼ ባስመረምር፣ በሊትር 22 ማይክሮግራም እርሳስ ተገኘበት፤ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ 10 ነው። ለ5 ደቂቃ ካፈሰስኩ በኋላ የቀዳሁት ሁለተኛው ናሙና ግን 2 ብቻ ስለነበረ፣ ችግሩ ከማጣሪያ ጣቢያው እንዳልመጣ ገምቼ የወጥ ቤቱን የናስ ቧንቧ (ውሃ የሚከፈትበትንና የሚዘጋበትን) ቀየርኩ። ከአሮጌው አፍ የፈታኋት ወንፊት ግራጫ ፍርፋሪ ሞልቷት ስለነበር ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ይሁን እንጂ ከ6 ሳምንት በኋላ በዚያው አኳኋን የቀዳሁት ውሃ 17 አሳየ።

ማፍላት እርሳስን እንደማያስወግድ፣ እንዲያውም ውሃው በተነነ መጠን እንደሚያጠራቅመው ስለማውቅ፣ ለጊዜው የምንጠጣው አፍስሰን የምንቀዳውን ነው። ውሃው ለዓይንም ለምላስም እንከን የለውም፤ የሚያናድደውም ይኸው ነው።

ከቆጣሪው እስከ ወጥ ቤቱ በብየዳ የተያያዘ፣ የውስጥ ስፋቱ 15 ሚሊሜትር የሆነ 14 ሜትር የመዳብ ቧንቧ አለ፤ በስሌቴ 2.5 ሊትር ያህል ይይዛል። ከቆጣሪው ወደ መንገዱ የሚሄደው ግን መሬት ውስጥ ተቀብሯል። ላቦራቶሪው በናሙና ቁጥር ስለሚያስከፍል ከ6 ጠርሙስ በላይ ማስመርመር አልችልም። ጥፋቱ የመዳቡ ብየዳ ይሁን የተቀበረው ቧንቧ ለመለየት፣ 6ቱን ጠርሙሶች በምን ያህል መጠንና በምን ቅደም ተከተል ልቅዳቸው?