«ግብረ ገብ አብሮን ይወለዳል፣ ተረጋግጧል» የሚሉት ነገር

ጉለሌ፦ ዛሬ ጠዋት ሬዲዮ ላይ አንድ እንግዳ «እምነትም ግብረ ገብም ከእናታችን ሆድ ይዘናቸው የምንወጣ መሆኑ በሳይንስ ተረጋግጧል» ሲል ጋዜጠኛው እንኳን «እንዴት?» ሳይለው ማስታወቂያ ገባ። ማስረጃ ተብለው የተጠሩት በፈረንጆቹ 2007 አሜሪካ፣ ዬል ዩኒቨርሲቲ የተሞከሩት ሕፃናት ናቸው። ማን ነው ያረጋገጠው? ልጅ ነጭ ወረቀት ነው። አክሱም ቢወለድ ያስቀድሳል፣ ሐረር ቢወለድ ይሰግዳል፣ ሕንድ ቢወለድ ላም አይነካም። አለቀ።

ቀለም ቀንድ፦ «አለቀ» አለና አረፈው! ነጭ ወረቀት? አባቶች ዘመኑን ሕገ ልቡና (ያልተጻፈው የኅሊና ሕግ)፣ ሕገ ኦሪት፣ ሕገ ወንጌል ብለው ሲከፍሉ ልቡናን ያስቀደሙት በከንቱ መሰለህ? ጽላት ባልነበረበት ዘመን ቃየል ወንድሙን ገድሎ የተጠየቀው በየትኛው ወረቀት ላይ በተጻፈ ሕግ ነው?

ጉለሌ፦ ቃየልን ምስክር ከጠራህማ ሰውዬው ገድሏል እኮ። አብሮት የተወለደው ሕግ ምን ሠራለት?

ኡሙ ሐናን፦ ከመሳደባችሁ በፊት ሙከራውን በወጉ እንየው። ዓይን የተለጠፈበት ክብ እንጨት ዳገት ሊወጣ ይታገላል፣ ሁለቴ ያቅተዋል። በሦስተኛው አንዱ ቅርጽ፣ ሦስት ማዕዘን በሉት፣ ከኋላ ገፍቶ ያወጣዋል። በሌላው ዙር አራት ማዕዘኑ ከላይ መጥቶ ቁልቁል ይገፋዋል። ሕፃኑ ሰልችቶት ዓይኑን እስኪያነሳ ይደጋገማል። ከዚያ ሁለቱ ይቀርቡለታል፤ እጁ ወደ የትኛው ይሄዳል? ሲመርጥ እናትየው ዓይኗን ትጨፍናለች፤ አቅራቢዋ የትኛው ረጂ እንደነበር አታውቅም፤ ቅርጹም ግራ ቀኙም ከልጅ ልጅ ይለዋወጣል። ከ10 ወር ልጆች ከ16ቱ 14ቱ፣ ከ6 ወሮቹ 12ቱም አንድ ሳይቀሩ ረጂውን ነኩ። ነጭ ወረቀት እንዲህ ይመርጣል?

ስድስት ኪሎ፦ እህቴ፣ አገላለጽሽ ልክ ነው፤ ታሪኩን ግን መሃል ላይ ቆረጥሽው። በ2012 ኒውዚላንድ፣ ኦታጎ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች አንድ ነገር አስተዋሉ፦ ክቡ ታግዞ ጫፍ ሲደርስ ብድግ ብድግ እያለ ይዘላል፣ ቁልቁል ሲገፋ ግን አይዘልም። ዝላዩን ክቡ ቁልቁል ተገፍቶ ሲወርድ እንዲሆን አደረጉት፤ ሕፃናቱ «ክፉውን» መረጡ። የዬል ወገን ሲመልስ «የእናንተ ክብ ዓይኑ እንዳሻው ይንከባለላል፣ ወዴት መሄድ እንደሚፈልግ ለሕፃን አይታይም፤ የእኛው ዳገቱን ያያል» አለ። እሱ መልስ ይቆማል። በ2024 ግን የዬሉን ሙከራ የመራችው ተመራማሪ ራሷ ያለችበት ቡድን በ37 ቤተ ሙከራዎች ደገመው። ውጤታቸው የተቆጠረ ሕፃናት 567፤ በዳገቱ ሙከራ ረጂውን የመረጡት 49.34 በመቶ። ሳንቲም ብትወረውሪ ያው ነው።

ጉለሌ፦ 49.34! «ተረጋግጧል» ያለው ሰውዬ ይስማ።

ቀለም ቀንድ፦ አትፎክር። የ37ቱ ትርኢት በቪዲዮ ነው፣ የዬሉ ከፊታቸው በእጅ የሚንቀሳቀስ እንጨት ነበር። ደግሞ አንድ ሙከራ ስለወደቀ ነጭ ወረቀትህ አሸነፈ ማለት አይደለም። ከፍ ያሉትን ልጆች ጠይቅ። አሚሽን ጨምሮ አጥባቂ የክርስቲያን ልጆች፣ አይሁድም፣ አሜሪካ ውስጥ ተጠይቀዋል፦ «እግዚአብሔር በሰንበት አትሥሩ ብሎ ባያዝ መሥራት ጥፋት ነው?» አይደለም አሉ። «አትስረቁ ብሎ ባያዝስ?» ያኔም ጥፋት ነው አሉ። ሁለቱንም ትእዛዝ የተማሩት ከአንድ ቤት፣ ከአንድ አባት አፍ ነው። ወረቀቱ ነጭ ከሆነ አንዱን ቀለም ለምን ከሌላው ለየው?

ስድስት ኪሎ፦ ወዳጄ፣ ይህ ማስረጃ አንተንም ይቆርጥሃል እኮ። ሰንበትን «ካልታዘዘ ምንም አይደል» ካሉ፣ ሃይማኖቱ የተማሩት ነው ማለት ነው። ሰውዬው ሬዲዮ ላይ እምነትንና ግብረ ገብን አንድ ከረጢት ውስጥ ከተተ፤ አንተም ከረጢቱን ተሸክመህለት ትዞራለህ። ደግሞ የሚመታ ልጅ ያመዋል፣ የተቀማ ልጅ ያለቅሳል፤ ያንን በየቀኑ ያያል። ሰንበት ቢሻር የሚያለቅስ ልጅ የለም። ልዩነቱን ከዚያም ሊማረው ይችላል።

ኡሙ ሐናን፦ ከረጢቱን እኛ አልሰፋነውም። የነቢዩ ሐዲስ የሚለው እያንዳንዱ ልጅ በፊጥራ ይወለዳል፣ ወላጆቹ ናቸው አይሁድ ወይም ነሷራ (ክርስቲያን) ወይም መጁስ (የጥንቱ የፋርስ ሃይማኖት ተከታይ) የሚያደርጉት ነው። ፊጥራ ዝንባሌ ነው፤ የሶላት አሰጋገድ ይዞ ይወለዳል ያለ የለም። ለዚያ እኮ ነው ልጅ በ7 ዓመቱ ስገድ የሚባለው።

ጉለሌ፦ «ወላጆቹ ናቸው የሚያደርጉት»። አመሰግናለሁ፣ ሌላ የምጨምረው የለኝም።

ኡሙ ሐናን፦ ግማሹን ዘግነህ አትሩጥ! መንታዎቹን አንሳ እንግዲህ። የአሜሪካዋ ሚኒሶታ ወንድ መንታዎች፣ የ2005ቱ ጥናት፦ በሃይማኖተኝነት መለያየታቸው ከዘር የመጣው በልጅነት 12 በመቶ፣ ካደጉ በኋላ 44 በመቶ። አብሮ የማደግ ድርሻ ደግሞ ከ56 ወደ 18 ወረደ። ከአባቱ ቤት ሲወጣ የአባቱ ጽሕፈት ይደበዝዛል።

ስድስት ኪሎ፦ የልጅነቱን ቁጥር የሰጡት ግን አዋቂዎች ሆነው፣ ወደ ኋላ እያስታወሱ ነው። አንድ ቤት ያደጉ ወንድማማቾች «እኛ ቤት እኮ እንዲህ ነበር» ሲሉ አንድ ዓይነት ያወራሉ፤ የቤቱ ድርሻ በዚያ ያብጣል። ደግሞ የሚለካው የሃይማኖተኝነት መጠን ነው እንጂ የትኛው ሃይማኖት የሚለው አይደለም።

ቀለም ቀንድ፦ ቢያንስ ብራና በለው፣ ወረቀት አትበለው። የፍየሉ ቆዳ ቀናት ይዘፈዘፋል፣ በእንጨት ተወጥሮ ሥጋው ይፋቃል፣ ፀጉሩ ይላጫል። ከዚያ ዳር ዳሩ በወስፌ ይበሳና በዚያው በወስፌ መስመሩ ይሰመራል። መስመሩ ቀለም የለውም፣ ጭረት ነው፤ ጸሐፊው ካልጻፈበት ከሩቅ አይታይም። ሕገ ልቡና እሱ ነው።

ዲሲ ማታ፦ ከሥራ ስወጣ ደረስኩ። መስመር ካለ ወስፌ የያዘ እጅ አለ፤ እሱ ማን ነው? ለነገሩ ፈላስፋው ዘርዓ ያዕቆብ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ጨርሶታል፦ ልቡና የተሰጠን ነው፣ ጾሙንና ምንኩስናውን ግን ሰው ጨመረው ብሏል።

ስድስት ኪሎ፦ መጽሐፉን የጻፈው ዘርዓ ያዕቆብ ነው ወይስ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ጣሊያናዊ ሚሲዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ? ጣሊያናዊው ምሁር ኮንቲ ሮሲኒ ጥያቄውን በ1920 ካነሣው ጀምሮ አልተዘጋም።

ቀለም ቀንድ፦ መጣ ደግሞ! ሐበሻ ካሰበ ጣሊያን ጻፈለት ነው መቼም።

ስድስት ኪሎ፦ ክርክር አለበት አልኩ እንጂ እሱ አልጻፈውም አላልኩም።

ዲሲ ማታ፦ ቆይ፣ መስመሩ የሚሰመረው በፀጉሩ በኩል ነው በሥጋው?

ቀለም ቀንድ፦ በሥጋው።

ጉለሌ፦ እንግዲያው በፀጉሩ በኩል ነጭ ነው።

ቀለም ቀንድ፦ ጭረቱ ተጭኖ በወዲያኛው ገጽ ጎላ ብሎ ይወጣል! ብራና በእጅህ ዳስሰህ ታውቃለህ?

ጉለሌ፦ እሺ ይውጣ። ጣቢያው ስልክ መስመር የሚከፍተው ነገ 3 ሰዓት ላይ ነው፤ 49.34ን ማን ይደውልላቸው?