እናትን በማንሻ መሣሪያ ከአልጋ ወደ ዊልቸር ስለ ማዛወር

ጥያቄ፦ ውድ የማኅበራችን አባላት፣ በስትሮክ ምክንያት ግራ ጎናቸው የማይታዘዝላቸው እናቴ ከሆስፒታል ወጥተው እኔ ዘንድ ናቸው። ሐኪሙ ያዘዘው ሆየር ሊፍት (ሕመምተኛን በጨርቅ አቅፎ የሚያነሣ መሣሪያ) ቤት ደርሷል፤ ያመጣው ሰው ግን ገጣጥሞ ከመሄድ በቀር ያሳየን ነገር የለም። እናቴም «እንደ ጆንያ አታንጠልጥሉኝ» ብለው እምቢ ብለዋል። ልምድ ያላችሁ እባካችሁ ምከሩኝ።

ምላሽ፦ እኅቴ፣ እግዚአብሔር እናትዎን ይማርልዎ። የምሠራው በነርስ ረዳትነት ስለሆነ ይህን መሣሪያ በየቀኑ እጠቀማለሁ። ከሁሉ አስቀድሞ የቤት ለቤት ሕክምና የሚሰጣችሁ ድርጅት ፊዚዮቴራፒስት ልኮ በእናትዎ አልጋ ላይ እንዲያሳያችሁ ይጠይቁ። እስከዚያው ብቻዎን አይሞክሩት፤ አብዛኞቹ ማንሻዎች ሁለት ሰው ይፈልጋሉና። በእጅ ተረባርቦ ማንሣትም መፍትሔ አይሆንም፤ በአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ባለሙያዎች አንድ ተንከባካቢ በእጁ የሚያነሣው የሕመምተኛ ክብደት ከ35 ፓውንድ (16 ኪሎ ገደማ) እንዳይበልጥ ይመክራሉ።

አደጋው በአብዛኛው የሚመጣው ከስሊንጉ፣ ማለትም ሕመምተኛው ከሚታቀፍበት ጨርቅ ነው። ለማንሻው ሞዴልና ለእናትዎ ክብደት የተፈቀደ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ስፌቱ የተተረተረ ወይም ማሰሪያው የሳሳ ከሆነ አይጠቀሙበት። እናትዎን በጎናቸው አዙረው የጨርቁ የታችኛው ጠርዝ ከጅራት አጥንታቸው ላይ እንዲደርስ አድርገው ያንጥፉት፤ የማይታዘዘው እጃቸው ደረታቸው ላይ፣ ከስሊንጉ ውስጥ ይሁን። የቀኝና የግራው ማሰሪያ የሚሰቀለው በአንድ ዓይነት ቀለም ቀለበት ነው። ገላቸው እንዳይታይ ብለው ሰዎች ጋቢ ከሥራቸው ሲያነጥፉ አይቻለሁ፤ ሊያንሸራትታቸው ስለሚችል አይደረግም። ነጠላውን ከላይ ያልብሷቸው፤ ክብራቸውም በዚህ ይጠበቃል።

የማንሻው እግሮች እስከ መጨረሻው የተከፈቱ፣ የዊልቸሩ ፍሬንም የተያዘ ይሁን። የራሱ የማንሻው ጎማ ግን፣ የአምራቹ መመሪያ ሌላ ካላለ በቀር፣ በሚያነሡበት ጊዜ አይቆለፍም፤ ክብደቱን ተከትሎ ሚዛኑን እንዲያስተካክል ነው። ማሰሪያዎቹ እንደተወጠሩ ቆም ብለው አራቱንም ማዕዘን በእጅዎ ይፈትሹ፤ ከዚያ ከፍራሹ ለጥቂት እስኪላቀቁ ብቻ ያንሡ። አንዱ ማንሻውን ሲገፋ ሌላው እናትዎን እያያቸውና እያነጋገራቸው ይያዛቸው፤ ሲወርዱም ዳሌያቸው እስከ ወንበሩ መደገፊያ ድረስ እንዲገባ ይምራቸው። መሣሪያው የተሠራው ከአልጋ ወደ ወንበር ለማዛወር ስለሆነ፣ ተንጠልጥለው ሳሉ ወደ ሳሎን አይውሰዷቸው። ወፍራም ምንጣፍ ጎማውን ስለሚይዘው ከአልጋው አጠገብ ይነሣ።

እምቢታቸውን በተመለከተ፣ የሚፈሩት ሳይነገራቸው ከፍ መደረጉን ይመስለኛል፤ እያንዳንዱን እርምጃ አስቀድመው ይንገሯቸው፤ ከተቻለም ልጅዎ ወይም እርስዎ በማንሻው ተነሥታችሁ አሳዩአቸው። ሲጨነቁ ወይም ሲወራጩ ግን በጭራሽ አይጀምሩ።

ሌላ ምላሽ፦ ወጪውን በሚመለከት አንድ ነገር ልጨምር። እናትዎ ሜዲኬር ክፍል ቢ (የአሜሪካ መንግሥት የጤና መድን ክፍል) ካላቸው፣ ዓመታዊው ተቀናሽ፣ ማለትም በቅድሚያ ከራስ የሚከፈለው፣ ከተከፈለ በኋላ ለማንሻው ከተፈቀደው ዋጋ 80 በመቶውን ይሸፍናል። ለዚህም ያለ ማንሻው ከአልጋ መውረድ እንደማይችሉ በሐኪሙ ማስታወሻ ላይ በግልጽ መስፈር አለበት፤ ስለዚህ ቅጂውን ጠይቀው ያንብቡት።