ተቀምጦ ለሚሠራ ሥራ የቀረበውን የሥራ ብዛት ግምት መቃወም ይቻላል?

የሰላም እናት (ቨርጂኒያ)፦

ጤና ይስጥልኝ። ባለቤቴ 47 ዓመቱ ነው። በመኪና ማቆሚያ ለብዙ ዓመታት ሲሠራ ቆይቶ የአንገቱና የወገቡ ዲስክ ከተጎዳ ወዲህ ሥራ አቁሟል። ለሶሻል ሴኩሪቲ (ለመንግሥት የማኅበራዊ ዋስትና መሥሪያ ቤት) የዲስኤቢሊቲ፣ ማለትም በጤና ምክንያት መሥራት ላልቻለ ሰው የሚከፈል ገንዘብ፣ ማመልከቻ አስገብቶ ሁለት ጊዜ ከተከለከለ በኋላ ባለፈው ሳምንት ዳኛ ፊት ቀረበ። ዳኛው ተቀምጦ ብቻ መሥራት የሚችል አንድ ሰው ምን ሊሠራ እንደሚችል ቮኬሽናል ኤክስፐርቷን (ስለ ሥራ ዓይነትና ብዛት የምትመሰክረውን ባለሙያ) ሲጠይቋት፣ ሦስት ሥራዎችን ጠራች፤ እነሱም ፖስታ ላይ አድራሻ መጻፍ፣ ሰነድ ለማይክሮፊልም ማዘጋጀትና የመነጽር ፍሬም መገጣጠም ናቸው። ለእያንዳንዱም በመላው አሜሪካ ይህን ያህል ሺህ ሥራ አለ ብላ ቁጥር ሰጠች። ጠበቃችን ጥያቄ እንደሌለው ተናገረና ችሎቱ አበቃ።

የባለቤቴ ጣቶች ስለሚደነዝዙ ጠዋት የሸሚዙን ቁልፍ የምቆልፍለት እኔ ነኝ። የቡና ሲኒ እንኳ የሚይዘው በሁለት እጁ ነው። ያ ሁሉ ቁጥር ከየት መጣ? ውሳኔው ገና አልወጣም፤ አሁን መቃወም ይቻላል ወይስ ጊዜው አልፏል?

የጉዳይ ረዳት (ሜሪላንድ)፦

እህቴ፣ በውክልና ቢሮ ውስጥ እንዲህ ያሉ መዝገቦችን ሳዘጋጅ ዓመታት አልፈዋል፤ ውሳኔው ካልወጣ ጊዜው አላለፈም። ጠበቃዎ ዛሬ ነገ ሳይል ለዳኛው የጽሑፍ መቃወሚያ እንዲያስገባ ይጠይቁት፤ ምክንያቱም እዚህ ደረጃ ላይ ያልተነሣ ነገር በኋላ ፌዴራል ፍርድ ቤት ሲደርስ «ቀድሞ አልተነሣም» ተብሎ ሊወድቅ ይችላል።

ቁጥሩ ከየት እንደሚመጣ ላስረዳ። ኤክስፐርቶቹ የሥራዎቹን ስምና ባሕርይ የሚወስዱት የአሜሪካ የሠራተኛ ሚኒስቴር ያዘጋጀው ከነበረ የሥራ መጠሪያዎች መዝገበ ቃላት ነው። ይህ መጽሐፍ ለመጨረሻ ጊዜ የታተመው በ1991 ሲሆን፣ በውስጡ ካሉት መግለጫዎች ብዙዎቹ ከዚያም በፊት የተጻፉ ናቸው። የሠራተኛ ብዛት የሚቆጥረው መሥሪያ ቤት ግን በእነዚህ መጠሪያዎች አይቆጥርም፤ ብዙ መጠሪያዎችን በአንድ ቡድን ጠቅልሎ የቡድኑን ድምር ብቻ ያወጣል፤ የሙሉ ሰዓትና የከፊል ሰዓት ሠራተኛውንም አንድ ላይ ይደምራል። ስለዚህ ስለ መነጽር ገጣጣሚ ብቻ የሚናገር የመንግሥት ቁጥር የለም፤ ኤክስፐርቷ ቁጥሩን ከቡድኑ ድምር በሆነ መንገድ ቆርሳ ማውጣት አለባት። አንዳንዶች የሚያደርጉት ድምሩን በመጠሪያዎቹ ብዛት እኩል ማካፈል ነው። ለምሳሌ አንድ ቡድን 100,000 ሠራተኛና 50 መጠሪያ ቢኖረው፣ ለእያንዳንዱ መጠሪያ 2,000 ይደርሰዋል ማለት ነው፤ ከ50ዎቹ አንዱ ዛሬ በአገሩ ውስጥ ጨርሶ የማይሠራ ሥራ ቢሆንም እንኳ። የሰባተኛው ወረዳ ይግባኝ ፍርድ ቤት ይህን አካሄድ ከአንድ ጊዜ በላይ ነቅፎታል፤ የእሱ ውሳኔ ቨርጂኒያ ላይ አስገዳጅ ባይሆንም ምክንያቱን በመቃወሚያው ውስጥ መጥቀስ ይቻላል።

የእርስዎ ጉዳይ ከብዙዎቹ የሚሻለው በሥራዎቹ ምርጫ ነው። ሶሻል ሴኩሪቲ ራሱ በጁን 2024 ባወጣው ኢኤም 24027 በተባለ መመሪያ፣ አድራሻ ጻፊንና ለማይክሮፊልም ሰነድ አዘጋጅን ጨምሮ 13 መጠሪያዎችን ለይቶ፣ ኤክስፐርቱ ሥራው ዛሬም በመዝገበ ቃላቱ እንደተገለጸው እንደሚሠራና በቂ ብዛት እንዳለው በማስረጃ ካላስረዳ በቀር ዳኛ እነሱን ይዞ «ሥራ አለ» ብሎ እንዳይከለክል አዟል። ከዚህም ሌላ ከጃንዋሪ 6፣ 2025 ጀምሮ የሚሠራው ኤስኤስአር 24-3ፒ የተባለው ደንብ፣ ኤክስፐርቶች ምንጫቸውን እንዲናገሩና የሥራውን ብዛት በምን መንገድ እንደገመቱ እንዲያስረዱ ይጠብቅባቸዋል። የችሎቱን የድምፅ ቅጂ ጠይቃችሁ ይህን ማስረዳቷን አድምጡ። ካላስረዳች፣ ጠበቃው በጽሑፍ ጥያቄ እንዲቀርብላት ወይም ተጨማሪ ችሎት እንዲደረግ ሊጠይቅ ይችላል።

አስተርጓሚ (ሲልቨር ስፕሪንግ)፦

በእነዚህ ችሎቶች በአማርኛ አስተረጉማለሁ። ቁጥሮቹ የሚነገሩት በጣም በፍጥነት ነው፤ የሥራው ስም፣ የኮዱ ዘጠኝ አኃዝና የሥራው ብዛት በአንድ ትንፋሽ ያልፋሉ። ባለጉዳዩ ያልገባውን ቃል እንዲደገምለት መጠየቅ መብቱ ነው፤ እኔም ዳኛውን አስፈቅጄ ቀስ እንዲሉ ያደረግሁባቸው ጊዜያት አሉ። አንድ ቀን «አድራሻ ጻፊ» ብዬ ስተረጉም፣ አጠገቤ የነበሩት እናት «በእጅ?» ብለው ጠየቁኝ። መዝገበ ቃላቱ በእርግጥም በእጅ ወይም በታይፕራይተር ይላል። የእኚያ እናት ጥያቄ ጠበቃ ሊጠይቀው የሚገባው ጥያቄ ነበር፤ በዚያ ችሎት ግን ማንም አላነሣውም።

በማኅበረሰባችን አሁንም የሚነገር አንድ የቆየ ምክር ስላለ እሱንም ላርም። ከ45 እስከ 49 ዓመት ያለ፣ ተቀምጦ ብቻ መሥራት የሚችልና ቀድሞ የሠራው ሥራ ሙያ የማይጠይቅ የሆነ ሰው፣ እንግሊዝኛ መናገር አለመቻሉ ብቻውን የሚረዳው ጊዜ ነበር። ያ ደንብ ከኤፕሪል 27፣ 2020 ጀምሮ ተነሥቷል። አሁን የሚታየው በየትኛውም ቋንቋ ማንበብና መጻፍ አለመቻል ብቻ ነው። ስለዚህ ባለቤትዎ አማርኛ የሚያነቡ ከሆነ በቋንቋ በኩል ተስፋ አያድርጉ።

ተከልክዬ የነበርኩ፦

የጉዳይ ረዳቱ በነገሩሽ እስማማለሁ፤ በቁጥሩ ላይ ብቻ እንዳትንጠለጠዪ ግን እለምንሻለሁ። እኔ በመጀመሪያው ችሎቴ በቁጥር ክርክር ጊዜዬን ጨርሼ ተሸንፌአለሁ። በ2019 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቢስቴክ በተባለ የግንባታ ሠራተኛ ጉዳይ ላይ የወሰነውን ያኔ አላውቅም ነበር። በቢስቴክ ችሎት ኤክስፐርቷ 240,000 ጠረጴዛ ላይ ዕቃ የመገጣጠምና 120,000 ዕቃ የመለየት ሥራ አለ ብላ፣ ያሰላችበትን የግል ጥናት ግን የደንበኞቼ ምስጢር ነው ብላ አልሰጠችም። ፍርድ ቤቱ 6 ለ 3 በሆነ ድምፅ፣ መረጃውን አለማሳየቷ ብቻውን ምስክርነቷን አይጥለውም ብሎ ወሰነ። እያንዳንዱ ጉዳይ በራሱ ይታያል፤ ያለ ጥያቄ ያለፈ ቁጥር ደግሞ ብዙ ጊዜ ይጸናል።

«ማን ይቀጥረዋል?» የሚለውም ክርክር አያዋጣም፤ ሕጉ ክፍት ቦታ መኖሩንም ሆነ ሰውዬው መቀጠሩን አይጠይቅም። የሚያዋጣው አንቺ ስለ ሸሚዙ ቁልፍ የጻፍሽው ነው። የሶሻል ሴኩሪቲ ኤስኤስአር 96-9ፒ ሙያ የማይጠይቁ፣ ተቀምጦ የሚሠሩ ሥራዎች አብዛኞቹ የሁለት እጅ ጥሩ ቅልጥፍና እንደሚጠይቁ በግልጽ ይናገራል። ሦስተኛው ሥራ፣ ማለትም የመነጽር ፍሬሙ፣ የአፍንጫ መደገፊያና የጆሮ እጀታ በእጅ መሣሪያ ማያያዝ ነው። ሁለቱ ሥራዎች በመመሪያው ቢወድቁ ዳኛው የሚደገፉት በዚህ ላይ ይሆናል፤ ጣቱ የደነዘዘ ሰው ይህን ሲሠራ ልታስቢው ትችያለሽ። የነርቭ ምርመራ ተደርጎለት ከሆነ ውጤቱ መዝገቡ ውስጥ አለ? ዳኛው ለኤክስፐርቷ ጥያቄውን ሲያቀርቡስ ስለ እጁ ችግር ጠቅሰው ነበር?

የሰላም እናት፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቅጂውን ጠበቃው ልኮልኝ ትናንት ማታ ከባለቤቴ ጋር ሁለት ጊዜ አዳመጥነው። ዳኛው ስለ ክብደት ማንሣት፣ ስለ መቀመጥና ስለ መቆም ጠይቀዋል፤ ስለ እጅ አንድም ቃል የለም። ኤክስፐርቷም ቁጥሩን እንዴት እንዳገኘች አልተጠየቀችም፣ አልተናገረችም። የነርቭ ምርመራው ባለፈው መጋቢት ተደርጓል፤ ግን መዝገቡ ውስጥ አልገባም። ጠበቃው ሰኞ መቃወሚያውንና የምርመራውን ውጤት በአንድ ደብዳቤ፣ ከመመሪያው ቁጥር ጋር አያይዞ እንደሚልክ ነግሮኛል።

የጉዳይ ረዳት፦

መልካም ነው። ምርመራው ለምን እንደዘገየም በደብዳቤው ውስጥ ይጻፍ፤ ማስረጃ ከችሎቱ አምስት የሥራ ቀን በፊት እንዲገባ ወይም እንዲገለጽ የሚያዝ ደንብ ስላለ፣ ዳኛው ምክንያቱን ማየት ይፈልጋሉ። ውሳኔው በዚህ መሐል ወጥቶ ክልከላ ቢሆን፣ ወደ ሶሻል ሴኩሪቲ ይግባኝ ምክር ቤት ለመሄድ ከደረሳችሁ ቀን አንሥቶ 60 ቀን አላችሁ፤ ፖስታው የመጣበትን ቀን በፖስታው ላይ ጻፉት።